ለድግስ ገንዘብ ስለሌለን ተክሊላችንን እናቆየው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? እኔና እጮኛዬ ከተጫጨን ቆየን። ሁለታችንም ራሳችንን ጠብቀን ስለኖርን በተክሊል መጋባት እንፈልጋለን። ችግሩ ድግሱ ነው። እናቴ «አዳራሽ ሳይያዝ፣ ሰው ሳይጠራ ልጄን አልድርም» አለች። እጮኛዬ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ሠራተኛ ነው። ከነጋዴ አምስት ሳንቲም አይቀበልም። አብረውት የተቀጠሩት ቤት ሠርተዋል፣ መኪና ገዝተዋል። እሱ ዛሬም ኪራይ ቤት ነው። ዘመዶቼ «ሞኝ ነው» ይሉታል። እኔም የጓደኞቼን ሠርግ በቲክቶክ ሳይ ሆዴ ይባባል። አንድ ቀን ተናድጄ «ጾምህና ጸሎትህ ምን አመጣልን?» አልኩት። ገንዘብ እስክናገኝ ብንቆይ ይሻላል? ደግሞስ እግዚአብሔር ለታመኑለት ለምን አያሳካላቸውም?

መልስ፦ እኅቴ፣ አታቆዩት። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

ቤተ ክርስቲያን ለተክሊል አዳራሽ አትጠይቅም። የምትጠይቀው የሁለታችሁን ፈቃድ፣ ንስሐ፣ ምስክሮችና ለሥጋ ወደሙ መዘጋጀትን ነው። ካባውና አክሊሉ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፤ ለባለጠጋውም ለድኻውም ያው ነው። በቅዳሴው ቆማችሁ ጸሎቱ ይደርስላችኋል፤ ሥጋውንና ደሙን ትቀበላላችሁ። በዚያች ሰዓት ባልና ሚስት ሆናችኋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድግስ ጋብቻው ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ቢቀርም የሚያጎድለው የለም።

ድግስ ኃጢአት ነው እያልኩ እንዳይመስልሽ። በመጽሐፈ ጦቢት እንደተጻፈው ራጉኤል ልጁን ሣራን ለጦቢት ልጅ ለጦብያ ሲድር 14 ቀን ደግሷል። ያለው ሰው ቢደግስ፣ ጎረቤት ቢበላ፣ ቢጨፈር ደስ ይላል። ለበዓል ማማርም ቢሆን የቆየ ባህላችን ነው፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንል የለ! እኔን የሚያሳስበኝ ለታይታ ተብሎ የሚደረገው ነው። ያልያዙትን ገንዘብ ተበድሮ መደገስ። ለሰው ዓይን ሲባል ምሥጢረ ቤተ ክርስቲያንን ማዘግየት። አክሊል በሚደፋበት ሰዓት ቪዲዮ ቀራጩ ዲያቆኑን «ትንሽ ፈቀቅ በል» ሲለው ሰምቻለሁ። ወንጌል እየተነበበ ሙሽራዋ ቬሎዋ በፎቶ እንዲያምር ስታስተካክል አይቻለሁ። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለፎቶው ነው፤ ልቧ የት ይሁን ታዲያ?

አሁን ወደ እጮኛሽ ልምጣ። ያንቺን ጥያቄ ሳነብ ትዝ ያለኝ ጦቢት ነው። መጽሐፉን ካላነበብሽው ሁለታችሁም አብራችሁ አንብቡት፤ አጭር ነው፣ ስለ ሠርግም ይናገራል።

ጦቢት በነነዌ ምርኮኛ ሳለ ሥራው ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ለንጉሡ ዕቃ ይገዛ ነበር። ልክ እንደ እጮኛሽ፣ የግዥ ሰው ነበረ። በዚያ ላይ ለድኻ ይመጸውታል፤ የተገደሉ ወገኖቹን ይቀብራል። በመቅበሩ ምክንያት ንብረቱ ሁሉ ተወረሰ። ቆይቶ ደግሞ ዓይኑ ጠፋ። ሚስቱ ሐና ለሰው ሥራ እየሠራች ታበላው ጀመር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ ሌላ የፍየል ጠቦት ጨምረው ሰጧት። ዓይነ ስውሩ ጦቢት ጠቦቷ ስትጮኽ ሰማ። «ይህች ከየት መጣች? የተሰረቀች እንዳትሆን፤ ለባለቤቶቿ መልሺ» አላት። ሐና «ከደመወዜ በላይ የተሰጠችኝ ናት» ብትለው አላመናትም። ያኔ መረራትና ምጽዋትህና ጽድቅህ የት አለ ብላ ተናገረችው።

እይው እስቲ፤ አንቺ «ጾምህና ጸሎትህ ምን አመጣልን?» ያልሽው ቃል የሐና ቃል ነው። ሐና ክፉ ሴት አልነበረችም። ደክሟት ነበር። አንቺም ደክሞሽ ነው የተናገርሽው። ይቅርታ ጠይቂው፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ከዚያ በኋላ ራስሽን አትብዪ።

ለእጮኛሽም አንድ ቃል አለኝ፤ አሳይው። ጦቢት ስለ ጠቦቷ ተሳስቶ ነበር። ሐና ያልሰረቀችውን ነው የጠረጠራት። ሀቀኛ ሰው አንዳንዴ ሀቀኝነቱን በሚስቱ ላይ ዱላ ያደርገዋል። «እኔ ንጹሕ ነኝ» እያለ የቤቱን ሰው ድካም አያይም። ወንድሜ፣ ጉቦ አለመቀበልህ ትልቅ ነገር ነው፤ አደራህን ጠብቀሃል። ግን ይህች ልጅ የምትሸከመውን የዘመድ ወሬም ተሸከምላት። አጠገቧ ቁጭ ብለህ ስማት።

«ለምን አያሳካላቸውም?» ላልሽው፣ ይህን ጥያቄ ካንቺ በፊት መዝሙረኛው አሳፍ ጠይቆታል። መዝሙር 72ን አንብቢ። የኃጢአተኞችን ሰላም አይቶ ቀና፤ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት ቀረው። «ልቤን በከንቱ አጸደቅሁ» እስከማለት ደረሰ። ነገሩ የተገለጠለት ወደ እግዚአብሔር መቅደስ ሲገባ ነው። ከዚያ ሲወጣ ቤትና ሀብት ይዞ አልወጣም። «ለእኔ ግን ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ይሻለኛል» ብሎ ወጣ። ስለዚህ እኔም «ታገሺ፣ ነገ ከእነሱ የበለጠ ቤት ትሠራላችሁ» አልልሽም። እንዲህ ብሎ የሚሰብክሽ ካለ አትቀበዪው። እግዚአብሔር ለታማኙ ሁሉ መኪና እሰጣለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ጦቢት ዓይኑ በርቶለታል፤ ብዙ ጻድቃን ግን እንደታመሙ፣ እንደተቸገሩ ሞተዋል። እጮኛሽ ጉቦ የማይቀበለው በኋላ ለሚከፈለው ብሎ ከሆነ እሱም ንግድ ሆነ። የማይቀበለው እሱ ራሱ የእግዚአብሔር ስለሆነ ነው።

ይህንን ያበላሸነው እኛም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለን ሰዎች ነን። ያዕቆብ በመልእክቱ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን «እዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ»፣ ድኻውን «አንተ ቁም» የሚሉትን ገሥጿል። ዛሬ በየአጥቢያችን መኪና ይዞ ለመጣ ወንበር ይፈለጋል። በእጇ ሻማ ብቻ የያዘች እናት ግን በሩ ላይ ቆማ ታስቀድሳለች። ወጣቱ ይህን እያየ ሲያድግ «ተሳካለት» ማለት ምን እንደሆነ ከዐውደ ምሕረት ሳይቀር ይማራል። ይህ መታረም አለበት።

ስለ እናትሽ ግን ቀስ በዪ። አትቆጪያቸው። እናትሽ ስንት ሠርግ ላይ ሽንኩርት ከትፈዋል፣ ስንት ቤት ሄደው እንጀራ ጋግረዋል። የኔ ተራ ሲደርስ ሰው ይመጣልኛል ብለው የኖሩ ናቸው። «በባዶ ቤት ዳሯት» መባል ያሳፍራቸዋል። ይህ ሐፍረት እውነተኛ ስለሆነ በጥቅስ ብቻ አይመለስም። አንቺ አትከራከሪ፤ የንስሐ አባታችሁ ቤታችሁ መጥተው ያነጋግሯቸው። የቃና ዘገሊላን ነገር ያስታውሷቸው። በየዓመቱ ጥር 12 የምናከብረው ያ ሠርግ ድግሱ ያለቀበት ሠርግ ነው። እመቤታችን «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም» ብላ ለልጇ የነገረችው ለእነዚያ ባለ ሠርጎች ነው። ጌታ ጎደሎ ድግስ ካለበት ቤት አልቀረም፤ የመጀመሪያውንም ተአምር ያደረገው እዚያው ነው።

ደግሞ ምንም አትደግሱ አላልኩም። አዳራሽ ባይኖር ግቢ አለ። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ሳህኑን ከእድር ማግኘት ይቻላል። እናትሽ የረዷቸው ሴቶች ሽንኩርቱን ሊከትፉ ይመጣሉ፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ያላችሁን አብስሉ። ከዚያም ላይ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉ ነዳያን ቀንሳችሁ ውሰዱ። ጌታ ግብዣ ስታደርግ ብድር መመለስ የማይችሉትን ጥራ ብሏል። ይህ ለእናትሽም ክብር ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፦ ሥጋ ወደሙ ተቀብላችሁ የወጣችሁ ሙሽሮች ስለሆናችሁ ማታውን በዘፈንና በመጠጥ አታሳልፉት። ጦብያና ሣራ በሠርጋቸው ሌሊት ተነሥተው ጸልየዋል። እናንተም ያንን አድርጉ።

ለድግሱ ብላችሁ ከባንክም ከዘመድም አትበደሩ። እቁብ ከወጣላችሁ የቤት ኪራይና ጥቂት ዕቃ ይቅደም።

በጾም ሠርግ ስለማይደረግ ቀኑን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ሆናችሁ ቁረጡ። የክርስትና ስማችሁንና አጥቢያችሁ የሚጠይቀውን ማስረጃ ቀድማችሁ አዘጋጁ። በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችሁም አብራችሁ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። እናትሽንም ይዛችሁ ብትሄዱ ይመረጣል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።