ሁለቱን ዓይን በአንድ ቀን? ጥያቄና መልስ

ስለ ጂን ሕክምና ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤው ጎርፏል። ረዣዥሞቹን አሳጥሬያለሁ፣ ቅር አትሰኙ።

ለንደን የምትኖር አንባቢ ሲክል ሴል የተባለውን የዘር የደም በሽታ ያድናል የሚባለው አዲሱ «መርፌ» እንዴት እንደሚሠራ ትጠይቃለች። የተለወጠው ጂን ለልጅ ይተላለፍ እንደሆነም ማወቅ ትፈልጋለች።

መርፌ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ካስጄቪ የሚባለው ሕክምና እንግሊዝ ውስጥ የተፈቀደው በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ደም የሚሠሩት ሴሎች ከታማሚው ተወስደው ላቦራቶሪ ይሄዳሉ። ሁላችንም በእናታችን ሆድ ሳለን ሌላ ዓይነት ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ነበረን። ከተወለድን በኋላ አንድ ጂን ያንን እንደ መብራት ያጠፋዋል። ክሪስፐር የተባለው መቀስ የሚቆርጠው ማጥፊያውን ነው። የሕፃንነቱ ሄሞግሎቢን ተመልሶ ሲበራ ቀይ የደም ሴሉ እንደ ማጭድ አይቆለመምም። ታዲያ ሴሎቹ ከመመለሳቸው በፊት የድሮው መቅኔ በከባድ ኬሞ ይጸዳል። ጸጉር ይረግፋል፣ ሆስፒታል ለሳምንታት ያስተኛል፣ መካንም ሊያደርግ ይችላል። የተነካው ደም የሚሠራው ሴል ብቻ ስለሆነ ለልጅ አይተላለፍም። ልጅ የሚፈልግ ሰው ግን ከኬሞው በፊት ስለዚሁ ሐኪሙን ያማክር።

«ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር? ዘረፋ ነው!» የሚሉ አባት አሉ።

የካስጄቪ የአሜሪካ ዋጋ ነው፤ አልተሳሳቱም። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ሰው ከራሱ ሴል ለብቻው ስለሚሠራ ርካሽ ሊሆን አይችልም። ይህን ያህል ለምን ሆነ ቢሉኝ ግን እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ከሐዋሳ፦ ካር-ቲ የሚባለው ካንሰርን ሁሉ ያጠፋል ወይ?

የታማሚው የራሱ የበሽታ መከላከያ ሴል ላቦራቶሪ ውስጥ ተለውጦ ካንሰሩን እንዲያጠቃ የሚላክበት ሕክምና ነው። ሁሉንም አያጠፋም። እስካሁን ጉልህ ውጤቱ በአንዳንድ የደም ካንሰሮች ላይ ነው። የቀረውን የካንሰር ሐኪም ይንገርህ።

አሁን ወደ ከበደኝ ደብዳቤ። አንድ ወንድማችን አባቱ ግላኮማ አለባቸው። ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ ከሆዳቸው ስብ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል) አውጥቶ ዓይናቸው ውስጥ ሊወጋ ነው። ልጆቹ መኪና ሊሸጡ ነው። የማስታወቂያውን ፎቶም ልኮልኛል። ከታች በቀይ «ሁለቱም ዓይን በአንድ ቀን፣ በቅናሽ» ይላል።

ወንድሜ፣ መኪናውን አትሽጡ። ያቺ ቀይ መስመር ብቻ ትበቃሃለች። ሉክስተርና የሚባል እውነተኛ የዓይን ጂን ሕክምና አለ። አንድ የታወቀ ጂን ሲበላሽ ለሚመጣ የዘር ዕውርነት በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። እሱ እንኳ ሁለቱን ዓይን በአንድ ቀን አይነካም። በመካከሉ ቢያንስ 6 ቀን ይጠበቃል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋላ! ፍሎሪዳ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሦስት ሴቶች የስብ ስቴም ሴል በሁለቱም ዓይናቸው በአንድ ቀን ተወጉ። እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለዋል። ሲገቡ ያዩ ነበር፤ ሦስቱም የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ጉዳዩ በ2017 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። የእነሱ በሽታ ግላኮማ አልነበረም፣ መርፌው ግን ያው ነው።

ግላኮማ የገደለውን የዓይን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት ዛሬ የለም። የቀረውን የሚጠብቅ ግን አለ፤ ያቺ በየቀኑ የምትንጠባጠበው ጠብታ። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ «ጠብታውን ሰልችቷቸው ትተውታል» ብለህ እንደ ዋዛ አልፈሃታል። እኔን ያስደነገጠኝ እሷ ናት። በዚህ ሳምንት፣ ቀጠሮ እንኳ ባይኖራቸው፣ የግላኮማ ስፔሻሊስት ዘንድ ውሰዳቸው። የዓይናቸው ግፊት ይለካ። ይህን ምክር ለወጉ ያህል እንዳልጻፍኩት እወቅልኝ።

የመጨረሻው፦ ሻይ ላይ የሚነሰነሰው የ«ስቴም ሴል» ዱቄት ይሠራል?

ለሻጩ በደንብ ይሠራል። ሻዩን ግን ጠጪው።