ለልጆቹ የሚበራው፣ ለእናት የማይበራው የኮሪደር መብራት

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። የ78 ዓመት እናቴ ሌሊት በምርኩዝ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ እንዳይወድቁ ብዬ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከመጸዳጃ ቤቱ በር በላይ የሴንሰር መብራት አስገጥሜያለሁ። ልጆቹ ኮሪደሩን ወደ ኩሽና ሲያቋርጡ ወዲያው ይበራል። እናቴ ግን ሥሩ እስኪደርሱ አይበራላቸውም። ሴንሰሩንም አምፖሉንም ብቀይር ለውጥ የለም። ሲጠፋም አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ እንደበራ ይቆያል።

መልስ፦ ሌላ ሴንሰር አይግዙ። ልጆቹን እያወቀ እናትዎን የማያውቅ ከሆነ፣ የምጠረጥረው የተሰቀለበትን ቦታ ነው።

ይህ ዕቃ የሚያውቀው ሙቀትን ነው። ከነጩ ሽፋን ጀርባ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሙቀት ተቀባዮች አሉ፤ መብራቱ የሚበራው ለአንዱ የሚደርሰው ሙቀት ከሌላው ሲለይ ነው። ልጅ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያቋርጥ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ይሞቃል፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ግን ሁለቱንም እኩል ስለሚያሞቅ ባለበት እንደቆመ ይቆጠራል። እናትዎ ደግሞ በምርኩዝ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ጋቢ ከደረቡ የጋቢው ላይኛ ገጽ ከግድግዳው ሙቀት ብዙም አይለይም። አዳማም ሞቃት ናት፤ ግድግዳው ወደ ሰውነት ሙቀት በተጠጋ ቁጥር ሴንሰሩ ይደክማል። ይኸው ዕቃ ደብረ ብርሃን ቢሰቀል ይሻለዋል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ርቀትም አብዛኛውን ጊዜ በጎን ለሚያቋርጥ ሰው የተለካ ነው፤ ይህን ግን ሻጩ አይነግርዎትም።

ስለዚህ ከመኝታ ቤቱ በር ጥቂት አለፍ ብሎ በጎን ግድግዳ ላይ፣ 2 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይስቀሉት፤ እናትዎ በፊቱ እንዲያቋርጡ። መብራቱ በርቶ የሚቆይበትን የጊዜ መዞሪያ ወደ 5 ደቂቃ ይውሰዱት፤ መሃል ላይ ቆም ሲሉ መጥፋት የለበትም።

ድብዘዛው ደግሞ የገጣሚውን ሥራ ያሳብቃል። ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) በቀጥታ ለአምፖሉ ሰጥቶ ኒውትራሉን (መላሹን ሽቦ) በሴንሰሩ ያስቆረጠ ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ግዴለሽ ሥራ ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ሽቦውን ጠምዝዘው በፕላስተር ጠቅልለው ይሄዳሉ። መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ መያዣ ላይ 220 ቮልት አለ ማለት ነው። ፌዙን በቴስተር ለይተው ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያ ብሬከሩን ያውርዱ። ፌዙን ወደ ሴንሰሩ መግቢያ፣ ከሴንሰሩ የሚወጣውን ወደ አምፖሉ፣ ኒውትራሉን በቀጥታ ለሁለቱም ያገናኙ።

አደራ፣ መብራት ሄዷል ብለው ሽቦ እንዳይነኩ! መሰላል ላይ ሳሉ ሊመጣ ይችላል። መብራት ኖረም አልኖረም ብሬከሩን ያውርዱ፣ ሌላ ሰው እንዳያነሳውም ለቤተሰቡ ይንገሩ። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ይህ ሴንሰር ስለማይሠራ፣ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ከአልጋቸው አጠገብ ያኑሩ።

ሲጨርሱ እርስዎ ተራምደው አይፈትኑት። እናትዎ ጋቢያቸውን ደርበው በራሳቸው እርምጃ ይሂዱበት፤ እርስዎ ከጎናቸው ይሁኑ። አሁንም ከዘገየ ወደ መኝታ ቤቱ በር ትንሽ ያስጠጉት፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ብሬከሩን አውርደው።