ሐዲዱን ዝገት አስመስዬ ከቀባሁት ወዲህ ሞዴል ባቡሬ እየቆመ አስቸገረኝ፤ ምን ላድርግ? (መልስ)

ሞተሩ ደህና ነው። ቀለሙ የሐዲዱን አናት ሸፍኖብሃል። መብራት ወደ መንኮራኩሩ የሚያልፈው በዚያች ቀጭን አናት በኩል ነው።

1. መብራቱን አጥፋ። ጨርቅ በአልኮል አርጥበህ አናቱን ብቻ ጥረግ። ጎኑን ተወው፤ በእውነተኛው ሐዲድም ዝገቱ የሚታየው ጎኑ ላይ ነው። አናቱ መንኮራኩር ስለሚፈገፍገው ያብረቀርቃል።

2. የሎኮሞቲቩን መንኮራኩሮችም ጥረግ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ቀለሙ ተመልሶ ሐዲዱ ላይ ይለጠፋል።

3. ሌላ ጊዜ ስትቀባ አናቱን ቀለሙ ሳይደርቅ ጥረገው።

በብርጭቆ ወረቀት እንዳትሞክረው! ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ እየተጠራቀመ በየጊዜው ያስቸግርሃል።

ከጣርማበር ያመጣሁትን አፈር ልነስንስበት ላልከው፣ ቀለሙ ግሩም ነው፤ ከሱቅ ዱቄት እኔ እሱን እመርጣለሁ። ግን ያ አገር ባዛልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነው፤ አፈሩ ማግኔት የሚስበው ጥቁር ደቃቅ አለው። ሞተሩ ውስጥ ደግሞ ማግኔት አለ። ስለዚህ አፈሩን አድርቀህ ንፋው። ከዚያ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለህ ላዩ ላይ ደጋግመህ አዙር። ፌስታሉ እንደ ጎረምሳ ጺም ያበቅላል። ያንን አራግፈህ፣ ማግኔቱ ባዶውን እስኪወጣ ቀጥል። የቀረውን በውሃ በቀጠነ ኮላ አጣብቀው፤ ልቅ አቧራ አይቅር።

ደብረ ብርሃን ላይ ከጓደኞችህ ጋር ሐዲድ የተነጠፈባቸውን ሰሌዳዎች ስለምታገጣጥሙ የእነሱም ባቡር በአንተ ሐዲድ ያልፋል። የሰው ሞተር ውስጥ አሸዋ ከገባ ቡና በመጋበዝ አትገላገልም። ኮላው በደንብ ሳይደርቅ ሰሌዳውን ይዘህ እንዳትሄድ።