«ፀረ-እምነት»፣ «ውህደት» እና «አድማ» በንግድ ውድድር ሕግ ቋንቋ

ጥያቄ፦ የምኖረው በጅማ ከተማ ሲሆን፣ ለቡና አቅራቢዎችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚዘጋጁ የሥልጠና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። በቅርቡ ስለ ንግድ ውድድር የሚያትት ጽሑፍ ደርሶኝ ሦስት ቦታ ላይ ተቸገርኩ። የአሜሪካውን ሕግ አንዳንድ ዜናዎች «ፀረ-እምነት ሕግ» ይሉታል፤ ትክክል ነው? አንዱ ድርጅት ሌላውን ሲገዛስ «ውህደት» ማለት ይቻላል? በመጨረሻም፣ ገዢዎች ተነጋግረው ዋጋ ሲወስኑ «የዋጋ አድማ» ብዬ ብጽፍ፣ ባልደረቦቼ «አድማ የሠራተኛ ነው» ብለው ሰረዙብኝ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ «ፀረ-እምነት» መታረም ያለበት ስሕተት ነው። «ፀር» በግእዝ ጠላት ማለት ስለሆነ፣ ይህን ስያሜ ያነበበ ሰው ሃይማኖትን ወይም መተማመንን የሚቃወም ሕግ የወጣ ቢመስለው አይፈረድበትም። ስሕተቱ የመጣው በእንግሊዝኛው «አንቲትረስት» ውስጥ ያለውን «ትረስት» የሚለውን ቃል ከታሪኩ ነጥሎ «እምነት» ብሎ ከመተርጎም ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የአሜሪካ ኩባንያዎች ባለአክሲዮኖች አክሲዮናቸውን ለጥቂት ባላደራዎች ያስረክቡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1882 የተቋቋመው የስታንዳርድ ኦይል ትረስት ዘጠኝ ባላደራዎች ነበሩት፤ እነዚህ ዘጠኝ ሰዎችም ከውጭ ሲታዩ ለየብቻ የቆሙ የሚመስሉ በርካታ የነዳጅ ኩባንያዎችን በአንድነት ያዝዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣው የሸርማን ሕግ «ትረስት»ን በስሙ ጠርቶ ስለ ከለከለ፣ ስታንዳርድ ኦይል እ.ኤ.አ. በ1911 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከተበታተነ በኋላም ስያሜው ከሕጉ ጋር ቀርቷል። እንግዲህ እዚህ ቦታ «ትረስት» የአማርኛ አቻ ካስፈለገው የሚቀርበው «አደራ» ነው፤ ነገር ግን «ፀረ-አደራ» ብንል ሌላ ግራ መጋባት እንፈጥራለን። የኛው ሕግ ደኅና ስም አለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 329 «የንግድ አሠራር» ይል ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 685 «የሸማቾች ጥበቃ» ታከለበት፤ «ውድድር» ርዕሱ ላይ የወጣው በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 813 ነው፤ እሱም «የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ» ይባላል። የአሜሪካውንም «የንግድ ውድድር ሕግ» ይበሉት፤ ታሪኩን ማንሣት ግድ ሲሆን ብቻ «ፀረ-ትረስት» ብለው ቃሉን እንዳለ ይተዉት።

«ውህደት» ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ሥሩ የግእዙ «ተዋሐደ» ነው፤ ሁለቱ አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ «ተዋሕዶ»ም ከዚያው የወጣ ነው። በዚህ የተነሣ አማርኛ አንባቢ «ውህደት» ሲባል ሁለት ድርጅቶች ስማቸውንም ገንዘባቸውንም አዋሕደው አንድ አካል እንደሆኑ ይረዳል። የሕጉ ትርጉም ግን ከዚህ ይሰፋል፤ በ2006ቱ አዋጅ መሠረት የሌላውን ድርጅት አክሲዮን ወይም ንብረት መግዛት፣ አልፎም አስተዳደሩን በቁጥጥር ሥር ማዋል እንደ ውህደት ይቆጠራል። አንድ ነጋዴ በአንድ ወረዳ ያሉ ሁለት የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎችን አክሲዮን ቢገዛና የሁለቱም ታፔላ እንደ ተሰቀለ ቢቀር፣ ቋንቋው «አልተዋሐዱም» ይላል፤ ሕጉ ግን ውህደት ሊለው ይችላል። ስለዚህ ጽሑፍዎ ውስጥ ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ «ውህደት (በግዥ የሚፈጸመውን ጨምሮ)» ብለው ይጻፉ። ጋዜጠኞች የሚወዱትን «ዋጠው» የሚለውን ግን አልመክርም፤ ገና ያልተወሰነ ጉዳይ ላይ ፍርድ ይሰጣል። ከውሳኔ በፊት ውድድርን የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል የሚያደርገውንም «ምርመራ» ካሉት የወንጀል ሽታ ይኖረዋል፤ «ግምገማ» ካሉት ደግሞ አንባቢው የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ይታየዋል። እኔ «የውህደት ማጣራት» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ጥያቄው ቀርቦ፣ ተጣርቶ፣ ይፈቀዳል፣ ይከለከላል ወይም ከነቅድመ ሁኔታው ይፈቀዳል።

ወደ «አድማ» ስመጣ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ጉዳዩንም ትንሽ ማስፋት እወዳለሁ። ባልደረቦችዎ «አድማ የሠራተኛ ነው» ያሉት ዛሬ ቃሉ ብቻውን ሲነገር ሥራ ማቆምን ስለሚያሳስብ ነው። ሆኖም ሙሉው አጠራር «የሥራ ማቆም አድማ» ነው፤ «የረሃብ አድማ»ም አለ። «የሥራ ማቆም» የሚለው ገላጭ ያስፈለገው «አድማ» ራሱ ሥራ ማቆም ማለት ስላልሆነ ነው። «አደመ» ማለት ከሌሎች ጋር ሆኖ በአንድ ሰው ወይም ወገን ላይ አንድ ነገር ለማድረግ ተስማማ ማለት ነው፤ «አድመኛ»ም ከዚሁ ይወጣል። «ዱለታ» እና «መመሳጠር» ይቀርቡታል፤ ሁለቱ ግን ምስጢርን ግድ ይላሉ፤ በዋጋ ላይ የተደረገ ስምምነት ደግሞ በአደባባይ ቢደረግም ሕገ ወጥነቱ አይቀርም። ከሦስቱ የሚሰፋው አድማ ነው።

ባለፈው የቡና ወቅት ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር እሸት ቡና ሲገዛ ቆሜ አይቻለሁ። ሦስት ገዢዎች ሚዛናቸውን ሰቅለው በጥቂት እርምጃ ርቀት ተቀምጠዋል። አንዲት እናት ጆንያቸውን ይዘው ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ሄዱ፤ ሁሉም አንድ ዋጋ ተናገሩ። ተመልሰው ጆንያቸውን መጀመሪያው ሚዛን ላይ እያወጡ ለጎረቤታቸው «አድመውብናል» አሏት። የገዢዎቹ ዋጋ አንድ የሆነው በእርግጥ ተነጋግረው ይሁን ወይም ሁሉም የከተማውን ዋጋ ተከትለው ይሁን እኔ መፍረድ አልችልም፤ ሕጉም ዋጋ አንድ በመሆኑ ብቻ አይፈርድም፤ ስምምነት መኖሩ መረጋገጥ አለበት። የሴትዮዋ ግሥ ግን ልቤ ውስጥ ቀርቷል። «-ብን» የምትለዋ ቅጥያ ጉዳቱ በማን ላይ እንደወደቀ ትናገራለች። በሕግ ጽሑፍ «ፀረ-ውድድር ስምምነት» ስንል ይህች ቅጥያ ትጠፋለች፤ «ስምምነት» በአማርኛ የሚወደድ ቃል ነው፣ «ፀረ-ውድድር» የሚለውም የተጎዳውን ሰው አያሳይም።

ባልደረቦችዎ የሰጉት መደባለቅ አሜሪካም ውስጥ በእውን ደርሷል። የሸርማን ሕግ የከለከለው ንግድን ለማደናቀፍ የሚደረግን አድማ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1908 ያንኑ ሕግ ምርት እንዳይገዛ በቀሰቀሰ የባርኔጣ ሠራተኞች ማኅበር ላይ አዋለው። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1914 በክሌይተን ሕግ የሠራተኛና የገበሬ ማኅበራትን ነጥሎ ለማውጣት ሞከረ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ደግሞ ገበሬዎች ምርታቸውን በጋራ መሸጥ እንዲችሉ ሌላ ሕግ ወጣ። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ቡናቸውን በአንድነት ሲያቀርቡ «አደሙ» ተብለው እንዳይጠሩ ጽሑፍዎ ውስጥ ልዩነቱን በግልጽ ያስቀምጡ፤ የእነሱ ስም «ማኅበር» ነው።

ይህ የቃል ምርጫ ዛሬ ካለው ክርክር ጋር ይያያዛል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ሥር የሰደደው አስተሳሰብ ጉዳትን የሚለካው በአብዛኛው ሸማቹ በሚከፍለው ዋጋ ነበር፤ ተቃዋሚዎቹ ሻጩና ሠራተኛውም ይታዩ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ፔንግዊን ራንደም ሀውስ የተባለው አሳታሚ ሳይመን ኤንድ ሹስተርን እንዳይገዛ ሲከለክል፣ ይጎዳሉ የተባሉት መጽሐፍ ገዢዎች ሳይሆኑ ሥራቸውን ለአሳታሚ የሚሸጡ ደራስያን ነበሩ። የአጋሮ መንገዷ እናትም ሻጭ ናቸው። የአዋጃችን ርዕስ «ሸማቾች» ስለሚል ሠልጣኙ ገበሬ ሕጉ እሱን የማይመለከተው እንዳይመስለው፣ የተሰረዘብዎትን ቃል መልሰው «በገበሬው ላይ የሚደረግ የገዢዎች የዋጋ አድማ» ብለው ይጻፉ፤ «ፀረ-ውድድር ስምምነት» የሚለውን የሕግ ስያሜም በቅንፍ ያስከትሉት።