የባሕር ሞገድን በቻይና ጥቁር ቀለም ስለ መሣል (መልስ)
ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሞገድ ሲሥሉ አረፋው ግራጫ እየሆነ እንዳስቸገርዎት ጠይቀዋል። በዚህ ጥበብ ነጩ ቀለም ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ፣ የአረፋውን ቦታ ሳይነኩ ይተዉትና ከበስተጀርባው ያለውን ውኃ ብቻ በቀጠነ ቀለም ያጥቁሩት። ወረቀቱ እርጥበት ቶሎ ስለሚመጥ፣ ብሩሹን አስቀድመው በጨርቅ ጫን አድርገው ያድርቁት። ከሞገዱ ጫፍ ላይ ጠበቅ አድርገው ይጀምሩና ወደ ታች ሲወርዱ እጅዎን እያቀለሉ መስመሩን ያቅጥኑት።

ከሁሉ በላይ ግን በጥንታዊው የቻይና ሥርወ መንግሥት በደቡብ ሶንግ ዘመን ሠዓሊ የነበረውን የማ ዩዋንን 12 የውኃ ሥዕሎች እንዲመለከቱ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በቤጂንግ የቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚገኙት እነዚህ ሥራዎች፣ የመስመሩን ውፍረትና አካሄድ በመለዋወጥ ብቻ የተረጋጋውን ውኃ ከሚናወጠው ለይተው የሚያሳዩ በመሆናቸው፣ ባየኋቸው ቁጥር ያስደንቁኛል። በእርስዎ ሥዕል ላይ ደግሞ የባሕር ዳርቻውን ድንጋይ፣ የሣሉት ውኃ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ቀለም ብቻ በያዘ ደረቅ ብሩሽ ይሥሩት።