ስለ ሸራ ጀልባ ገመድ ለጠየቁን፦ ከቋጠሮው በፊት ክሩን ይለዩ

ሰላም ለጠያቂያችን። ያገለገለች ትንሽ የሸራ ጀልባ ገዝተው ገመዶቿን በሙሉ ለመቀየር እንዳሰቡ፣ ምን ዓይነት ገመድ እንደሚገዙና የትኞቹን ቋጠሮዎች አስቀድመው ማጥናት እንደሚሻልዎ መጠየቅዎን አንብቤአለሁ። እኔም ጀልባዬን ያገኘኋት በዚሁ ሁኔታ ስለነበር፣ የእርስዎም ገመዶች ፀሐይ ያደረቃቸው፣ ጫፋቸው የተበታተነና ከምን እንደተሠሩ የማይታወቁ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። የቋጠሮ አስተሳሰርን በሥዕልና በቪዲዮ የሚያሳይ ሞልቷልና እዘለዋለሁ፤ ኪስ የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው።

1. የገመዱ ክር ከሥራው ጋር ይስማማ። ሸራውን ወደ ምሰሶው ጫፍ ለሚሰቅለው ገመድ (ለመስቀያው) እና ሸራውን እንደ ነፋሱ ለመሳብና ለመልቀቅ ለሚያገለግለው ገመድ ብዙ የማይለጠጥ ፖሊስተር ይግዙ። ናይለን እየተለጠጠ የማዕበሉን ግፊት ስለሚያበርድ ለመልህቅና ጀልባን ለማሰር ተመራጭ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ውኃ ውስጥ ለወደቀ ሰው ለመወርወር ይጠቅማል፤ ፀሐይ ግን ቶሎ ያበላሸዋል።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመስቀያው ፖሊስተር ብዬ በስሙ ጠርቼ ስጠይቅ፣ ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ናይለን ቆርጦ ሰጠኝ፤ ሁለቱም ነጭና አንጸባራቂ ስለሆኑ ዓይን ብቻውን አይለያቸውም። ነፋሱ ሲበረታ መስቀያው ይለጠጣል፣ የሸራው የፊት ጠርዝ ይላላል፣ ሸራው ይነፋል፣ የሸራው ሆድም ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በዚህ የተነሣ ጀልባዋ ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን ትጋደማለች፣ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ቀርቦ መጓዝም አይቻልም። ሸራው አርጅቷል የሚሉ ምክር ሰጪዎች በዝተውብኝ አዲስ ሸራ ላዝዝ ነበር። ወደ ሱቁ ተመልሼ ባስረዳ «ገመድ ገመድ ነው፤ ችግሩ የእርስዎ አያያዝ ነው፤ የተቆረጠ ደግሞ አይመለስም» ተባልኩ። ፖሊስተርነቱን ከማውቀው አሮጌ ገመድና ከተሸጠልኝ እኩል ርዝመትና እኩል ውፍረት ያላቸውን ቁራጮች ወስጄ፣ ውኃ የሞላ አንድ ዓይነት ጀሪካን ተራ በተራ አንጠልጥዬ በሻጩ ፊት ለካሁ። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ሲታይ የሰጠኝ መልስ «ታዲያ ቢለጠጥ ምን አለበት?» የሚል ነበር። ገንዘቤ አልተመለሰም። ሆኖም ያ ናይለን ዛሬ የመልህቄ ገመድ ነው፣ በዚያ ሥራ ላይ እንከን አላየሁበትም፤ ምርመራውንም ማንኛውንም ስሙ ያልታወቀ ገመድ ለመለየት እስከ አሁን እጠቀምበታለሁ። እርስዎ ከመክፈልዎ በፊት ያድርጉት።

2. ጫፎቹን በእሳት ማቅለጥ ብቻ አይበቃም። የቀለጠው ጠጥሮ ይሰነጠቃል፣ እጅም ይቆርጣል። በሰም የታሸ ጠንካራ ክር ከገመዱ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ በሚሆን ርዝመት አጥብቀው ይጠምጥሙበት። ገመዱ ውስጠኛ እምብርትና ውጫዊ ሽፋን ካለው ክሩን በመርፌ በሁለቱም ውስጥ ያሳልፉት፤ አለበለዚያ ሽፋኑ በእምብርቱ ላይ ይንሸራተታል። ዳይኒማ የሚባለውን ውድ ገመድ ለትንሽ ጀልባ አልመክርም። እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ክሩ ሙልጭልጭ ስለሆነ ተራ ቋጠሮ ከባድ ጭነት ሲመጣበት ሊያመልጥ ይችላል፤ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥም ፍጭትን እንደ ፖሊስተር አይችልም።

3. ስለ ቋጠሮ። ቦውላይን (በገመድ ጫፍ ላይ የማይጠብብ ቀለበት የሚሠራው ቋጠሮ)፣ የስምንት ቁጥር ቋጠሮ፣ እንዲሁም አንድ ሙሉ ዙር ከሁለት ግማሽ ቋጠሮ ጋር ይበቁዎታል። በእኛ የጀልባ መቆሚያ፣ ቋጠሮ በብዛት የሚያውቅ ሰው እንደ ሊቅ ይታያል፤ እኔ ግን እነዚህን ሦስቱን በጨለማና በእርጥብ እጅ የሚያስር ሰው ይሻለኛል። ቦውላይን ሲወጠር አይፈታም፤ ስለዚህ ጀልባዋ ገመዱን እየሳበች ሳለ መልቀቅ በሚያስፈልግበት ቦታ ሙሉ ዙሩን ይጠቀሙ። ቦውላይን ሲላላ ደግሞ በመወዛወዝ ብዛት ሊፈታ ስለሚችል ከገመዱ ውፍረት 12 እጥፍ የሚሆን ጭራ ይተዉለት። ቋጠሮ ሁሉ ገመድን እንደሚያደክምም ይወቁ፤ በቦውላይን የታሰረ ገመድ ከጥንካሬው የሚቀርለት በግምት ከ60 እስከ 70 በመቶ ሲሆን፣ ክሮቹ በአግባቡ ተመልሰው እርስ በርስ የተጠላለፉበት ማጠፊያ ግን 90 በመቶ ገደማ ይይዛል። ሸራውን የሚቆጣጠረውን ገመድ ገመድ በሚጠመጠምበት የማሰሪያ ቀንድ ላይ በመቆለፊያ ዙር ፈጽሞ አይዝጉት፤ ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ በቅጽበት መለቀቅ አለበት። በዚህ ጉዳይ ጀልባው ከእኔ አጠገብ ከሚቆም ሰው ጋር ተኳርፈናል፣ አሁንም አቋሜን አልቀየርኩም።

4. እንክብካቤ። ጨውና አሸዋ በክሮቹ መካከል ገብተው ከውስጥ ስለሚፈጩት፣ ገመዱን ለብ ባለ ንጹሕ ውኃና በቀላል ሳሙና አጥበው ጥላ ውስጥ ያድርቁ፤ በረኪና እና ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ አያስነኩት። መስቀያው የሚያልቀው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ሸራው ተሰቅሎ ሳለ በምሰሶው ጫፍ መዘውር ላይ በሚያርፍበት ነጥብ ነው። እኔ መስቀያዬን ከሚያስፈልገው አንድ ሜትር ያህል አስረዝሜ እገዛለሁ፤ ያ ነጥብ ሲሻክር ሸራውን ከያዘው ጫፍ ትንሽ ቆርጬ እንደገና አስራለሁ፣ ጭነቱም አዲስ ቦታ ላይ ያርፋል። ከእኔ በኋላ የገዙ ሰዎች መስቀያቸውን ሲቀይሩ የእኔው ፖሊስተር እየሠራ ነው። ገመዱ ቶሎ ቶሎ ከተበላ ግን ጥፋቱ የመዘውሩ ሊሆን ስለሚችል ጠርዙን በስስ ጨርቅ ይዳብሱት፤ ጨርቁን የሚይዝ ሸካራ ቦታ ካለ አዲስ ገመድ ከማስገባትዎ በፊት መዘውሩን ያስለሰልሱ ወይም ይቀይሩት።