ከግድግዳ ላይ ሳሙና ዕቃ ጋር የተጣላችሁ

ባለፈው እትም ስለሚንጠባጠብ ቧንቧ ከጻፍኩ በኋላ ነገሩ እዛ ያበቃል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ አሁን ደሞ የመጣው ሁሉ ስለ ፈሳሽ ሳሙና ዲስፔንሰር ሆነ። ሁሉም ከኛው ሰሜን ሸዋ ነው፣ ከላይ ከብርዱም ከታች ከቆላውም። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ደብረ ብርሃን አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ጽዳትና ክፍል ነው የማየው። ጠዋት ጠዋት ሳሙናው እምቢ ይላል፣ እንግዳው ሲጫነው ሲጫነው ቆይቶ በጎን ተፈናጥሮ ሸሚዙ ላይ ያርፋል፣ ከዛ ስድቡ ለኔ ነው። ውሃ ጨምሬ አቀጠንኩት፣ አሁን ደሞ ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠባል፣ ሽታውም ተቀይሮብኛል። ባለቤቱ አውልቀን ሌላ እንግዛ እያሉ ነው።

መልስ፦ ኧረ እህቴ አታስገዢ! አዲሱም በወሩ እንደዛው ነው የሚሆነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ የህዳርና የታህሳስን ውርጭ ላንቺ አልነግርሽም፣ የሽንት ቤቱ መስኮት ደሞ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው የሚያድረው አይደል? ፈሳሽ ሳሙና ሲበርደው እንደ ማር ይወፍራል። ፓምፑ ውስጥ ያለችው ሞላ ስትመለስ ነው ሳሙናውን ወደ ላይ የምትስበው፣ ሲወፍርባት ቶሎ መሳብ ስለማትችል አየር ይገባና ባዶ ትጫኛለሽ። በጎን የሚፈናጠረው ግን ከብርዱ አይደለም፣ ጫፉ ላይ የደረቀ ሳሙና ቀዳዳውን ግማሽ ዘግቶት ነው። ፓምፑን አውጪና ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ (የፈላ አይሁን፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል) ሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው፣ ከዛ እዛው ውሃው ውስጥ ደጋግመሽ ተጫኚው። መንጠባጠቡም ዘመዱ ነው፣ መውጫዋን የምትዘጋው ቫልቭ ስር የደረቀ ነገር ሲገባ በደንብ አትገጥምም፣ ሳሙናው ከቀጠነ ደሞ በዛችው ክፍተት ይወርዳል።

አንድ ብዙ ሰው የማያያት ነገር አለች። ክዳኑ ላይ ወይ ከጀርባው ትንሽዬ የአየር ቀዳዳ አለች። ደብረ ብርሃን ውሃ ጠጥታችሁ የዘጋችሁት ባዶ ሃይላንድ ሸዋሮቢት ስትደርሱ ጭምድድ ብሎ አላያችሁም? የታች አየር ግፊቱ ስለሚበልጥ ነው የሚጨመድደው። ዲስፔንሰሩም ሳሙናው ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባለት እንደዛ መጨምደድ ያምረዋል፣ ግን ጠንካራ ስለሆነ አይችልም፣ ስለዚ ሳሙናውን ወደ ውስጥ ይዞ ያስቀራል። መርፌ ውሰጂና ቀዳዳዋን ጥረጊ፣ ግማሹ ችግርሽ እዛው ሊያልቅ ይችላል።

አሁን ወደ ሽታው፣ ዋናው እሱ ነው። ሳሙና ራሱ አይበላሽም የሚል ሰው አለ፣ እኔም ድሮ እንደዛ ነበር የማስበው። ፋብሪካው የሚጨምረው ማቆያ በዛው ውፍረቱ ልክ የተመጠነ ነው፣ ውሃ ስትጨምሪበት እሱም አብሮ ይሳሳል፣ የቧንቧ ውሃው ደሞ የራሱን ተህዋስያን ይዞ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ የህዝብ መታጠቢያ ቤቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ከላይ እየተከፈቱ ከሚሞሉት ዲስፔንሰሮች ከ4 አንዱ ባክቴሪያ አፍርቶ አግኝቷል። በዛው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደሞ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በተበከለ ሳሙና የታጠቡ ልጆችና ሠራተኞች እጃቸው ላይ ያለው አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት ከመታጠባቸው በፊት ከነበረው 26 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፣ ታጥበው ማለት ነው እንግዲህ! በረኪና አርጌ አጥበዋለሁ እንዳትዪ፣ ውስጡ የሚለጠፈው አተላ መሳይ ነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ሲመጣ ታይቷል። በረኪናውን ሳሙናው ውስጥ ማፍሰስማ ጭራሽ እንዳይታሰብ።

ስለዚ እኔ የምመክርሽ ማሻሻያ ይሄ ነው፦ ሳጥኑ እዛው ይቆይ፣ ውስጡ ያለው የሚሞላው ታንክ ይውጣና በቦታው ተነቅሎ የሚተካ ጠርሙስ ወይ የታሸገ ከረጢት የሚገባበት ይሁን፣ ሲያልቅ ከነፓምፑ ይቀየራል። ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፣ አውቃለሁ። አቅም ካልፈቀደ ለያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ሁለት ጠርሙስ ያዢ፣ አንዱ ግድግዳ ላይ ሲሆን ሌላው ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይጠብቅ። በግማሽ ላይ ግን አትጨምሪ፣ ለሆስፒታሎች በወጣው መመሪያ ላይ ሳይቀር ግማሽ በቀረ ሳሙና ላይ አትጨምሩ ተብሎ ተጽፏል። ለብርዱ ደሞ ጀሪካኑን ስቶር ሳይሆን ኩሽና አካባቢ አሳድሪው፣ ሳጥኑንም ከውጪው ግድግዳ ወደ ውስጠኛው አዛውሪው።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና መንገድ ዳር ምግብ ቤት አለኝ። የደሴ መኪኖች ቆመው ተሳፋሪው አንዴ ግር ብሎ ይገባል። ሳሙናው በሁለት ቀን ያልቃል፣ ወለሉ ያዳልጣል፣ ሳጥኑም ሁለቴ ተገንጥሎ ወድቋል። እድሜዬም ገፍቷል፣ በየቀኑ መጨቃጨቅ ሰለቸኝ።

መልስ፦ አባቴ፣ ወለሉ የሚያዳልጠው ሳጥኑ ያለቦታው ስለተሰቀለ ይመስለኛል። ከመታጠቢያው ፈንጠር ብሎ ከበሩ ጎን ነው አይደል? ሰው እጁ ላይ ሳሙና ይዞ ሁለት እርምጃ ሲራመድ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ጫፉ በትክክል ከሲንኩ ሳህን በላይ ይሁን፣ የሚንጠባጠበው እዛው ይገባል። የሚጫኑት ቦታ ከወለሉ ከ1 ሜትር ከ20 ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ልጅም በዊልቸር ያለም ይደርስበታል፣ ደሞ ከፍ ካለ ሰው እጁን ሲያነሳ ውሃው ወደ ክንዱ ወርዶ እጅጌው ውስጥ ይገባል።

የወደቀው በሙጫ ላስቲክ ተለጥፎ ከነበረ እንፋሎትና እርጥበት ባለበት አይያዝም፣ ብዙ አይድከሙ። በፊሸርና ብሎን ይሁን። ሴራሚኩ ላይ ምልክት ባደረጉበት ቦታ ፕላስተር ይለጥፉና በላዩ ይብሱት፣ ድሪሉ እንዳይንሸራተት ነው፣ ሴራሚኩን እስኪያልፍ ደሞ የድሪሉ ምት (እየመታ የሚበሳበት ሃመሩ) መዘጋት አለበት፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ከኋላው ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ከኋላ የሚከፈተውን ዓይነት ይጠይቁ። እንጨት ቀርጾ መምታት የለመደ ባለሙያ ከመጣ ይከልክሉት፣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከዛ ይበሰብሳል።

ቶሎ ማለቁን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ በአንድ ጭነት 1 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው የሚሰጡት፣ ሰው ግን የተራበ ይመስል ሦስት አራቴ ነው የሚጫነው። ከመጫኛው ጀርባ ትንሽ የጎማ ቱቦ ቆርጠው ያስገቡና ጉዞውን በግማሽ ያሳጥሩት፣ ሦስቴም ቢጫኑ የአንድ ተኩል ነው የሚወጣው። ወይ በአረፋ የሚሰጠውን ይግዙ፣ አየር ስለሚቀላቅል ትንሽ ሳሙና ብዙ ይመስላል፣ ሰውም ቶሎ ይረካል። ግን ለአረፋ የተሠራ ቀጭን ሳሙና ነው የሚፈልገው፣ ወፍራሙን ከጨመሩበት ወንፊቷ ትደፈናለች።

ጥያቄ፦ ሰላም ብሮ፣ ሸዋሮቢት ነኝ። ለካፌዬ ሴንሰር ያለው ይሻላል ተባልኩ፣ ምን ትላለህ?

መልስ፦ እኔ አልገዛም ነበር። ባትሪ ይበላል፣ ባትሪው ያለቀ ቀን ሳሙና ሞልቶ ሰው ሳይታጠብ ይወጣል። ርካሾቹ ደሞ ከእጅ ላይ ተመልሶ በሚመጣ ብርሃን ስለሚሠሩ ጠቆር ያለ እጅ አናይም የሚሉ አሉ፣ በሌላው ዓለም በቪዲዮ ተቀርጾ ብዙ ያነጋገረ ጉዳይ ነው። ባይነካ ጥሩ ነው ካልክ በክርን የሚጫኑት ረጅም እጀታ ያለው አለ፣ ሆስፒታል የምታየው። ያንተ ሙቀት ደሞ የደብረ ብርሃን ተቃራኒ ስለሆነ ሳሙናው እንዲሁም ይቀጥናል፣ ወፈር ያለውን ግዛና ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቀው።

ጥያቄ፦ አንኮበር አካባቢ ለቱሪስት የሚሆን ትንሽ ሎጅ አለን። ትንንሾቹን ጠርሙሶች ትተን ግድግዳ ላይ ብንሰቅል እንግዳ ይከፋዋል?

መልስ፦ አይከፋውም፣ ባገሩም እያየው ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሕግ ከ2023 ጀምሮ ከ50 ክፍል በላይ ያላቸው ሆቴሎች ትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንዳያቀርቡ ከልክላለች። እንግዳን የሚያሳስበው ከሱ በፊት የነበረው ሰው ምን ጨምሮበት ይሆን የሚለው ነው። ስለዚ በቁልፍ የሚዘጋ ይሁን፣ ቁልፉም ከክፍሉ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ አይታሰር (አይቼ ነው!)፣ ከፊት መጠኑን የምታሳይ መስኮት ይኑረው፣ የትኛው ሳሙና የትኛው ሻምፑ እንደሆነ ደሞ መነጽሩን ላወለቀ ሰው እንዲታይ በትልቁ ይጻፍበት።